ባዝ መሀል ከተማ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ጀበና ቡና ልንከፍት ነው፣ የምታውቁ ምከሩኝ

ቡና_ቁርስ

ሰላም እንዴት ናችሁ። እኔ ብዙ ጊዜ እያነበብኩ የማልፍ ሰው ነኝ፣ ዛሬ ግን የሚያውቅ ሰው ምክር ስለፈለግኩ ነው የምፅፈው፣ ከረዘመ ታገሱኝ።

የምኖረው እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ነው፣ ከብሪስቶል በባቡር ሩብ ሰዓት ገደማ። አስራ አንድ አመት ሆነኝ። መጀመሪያ ሆቴል አልጋ አነጥፍ ነበር፣ ኋላ አረጋውያን ቤት ገባሁ፣ እስካሁንም እዛው ነኝ። አሁን ከእህቴ ጋር ያጠራቀምናትን ይዘን መሀል ከተማ አንዲት ሱቅ ልንከራይ ነው። ሀሳባችን ጀበና ቡና ነው፣ ሰው ፊት ተቆልቶ፣ በሲኒ፣ ከነፈንዲሻው። ቀን ላይ ደሞ ሽሮና ፍርፍር፣ ሌላ ነገር አናበዛም።

ቤቱን ያየሁት ባለፈው ሳምንት ነው። ከሚልሶም ስትሪት ወደ ጎን የምትገባ ጠባብ መንገድ ላይ ነው፣ መኪና አይገባባትም። ኤጀንቱ በ1760ዎቹ የተሰራ ነው፣ ግሬድ ቱ ሊስትድ ነው፣ ማለት በሕግ የሚጠበቅ ቅርስ ነው አለኝ። ሱቁ ባለ ትልቅ መስኮት አንድ ክፍል ነው፣ ከጀርባ ትንሽ ኩሽና፣ ከዛ በደረጃ ስትወርዱ ከመንገዱ ስር የሚገባ የድንጋይ ዋሻ አለ፣ ቮልት ይሉታል፣ ድሮ የድንጋይ ከሰል ማስቀመጫ ነበር። ጣሪያው ላይ ክብ ቀዳዳ አለች አሁን በብረት ተከድናለች፣ ከሰሉን ከመንገድ ላይ ሆነው በሷ ነበር የሚያፈሱት። እዛ ጨለማ ውስጥ ቆሜ ከላዬ ሰው ሲያልፍ የጫማው ድምፅ ይሰማኛል፣ አንዷ በተረከዝ ጫማ ቋ ቋ እያለች ሄደች፣ ከዛ የሻንጣ ጎማ፣ ከዛ ልጅ ሲሮጥ። ልቤ እዛ ቀረ።

ይሄን ከተማ እወደዋለሁ። ሆቴል ስሰራ ሌሊት አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር የምወጣው፣ መንገዱ ላይ እኔና የጎዳና ጠራጊዎቹ ብቻ ነን፣ የመብራቱ ብርሃን ድንጋዩ ላይ ሲያርፍ አዲስ የተነጠረ ቅቤ ነው የሚመስለው። ጥግ ጥጉ ላይ የመንገዱ ስም በቆርቆሮ ሳይሆን እዛው ግድግዳው ላይ ተቀርጾ ነው ያለው፣ እንግሊዝኛ ማንበብ የለመድኩት በነዛ ፅሁፎች ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ግን ፈርቻለሁ። በየመንገዱ ባዶ ሱቅ በዝቷል። ዴብንሃምስ የሚባለው መደብር በ2021 ተዘጋ፣ ጆሊስ እንኳን ከ1831 ጀምሮ ሚልሶም ስትሪት ላይ የነበረ ትልቅ መደብር፣ ውስጡ የነበረው ድርጅት ለቆ ወጣ። ቅዳሜ መርገጫ የለም፣ ማክሰኞ ከሰዓት ደሞ ሰው የለም። እና ጥያቄዎቼ፦ ሊስትድ ቤት ውስጥ ቡና መቁላት ይቻላል ወይ? ታፔላ መስቀልስ? ሊዙ (የኪራይ ውሉ) ላይ ምን ልጠንቀቅ? ደሞ ዋናው፣ ከተማው መሀል እኛ ለመሰልን ሰዎች አሁንም ቦታ አለው ወይ?

---

ኖራና_ድንጋይ

እህቴ እንኳን ደስ አለሽ። እኔ ግንበኛ ነኝ፣ ስራዬ የድሮ ድንጋይ ጥገና ነው፣ ባዝ ውስጥ አስራ አራት አመት ሰርቻለሁ። ስለ ገበያው ሌላው ይንገርሽ፣ እኔ ስለ ግድግዳው ልንገርሽ።

ብዙ ሰው ሊስትድ ሲባል የፊት ለፊቱ ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። ግሬድ ቱም ሆነ ግሬድ ዋን ሕጉ ውስጡንም ጀርባውንም ይይዛል፣ ደረጃው፣ ምድጃው፣ የበሩ ክፈፍ፣ ያ የወደድሽው ቮልትም ጭምር። ያለ ፈቃድ የቤቱን ባህሪ የሚቀይር ነገር መስራት ወንጀል ነው፣ እንደ ፓርኪንግ ቅጣት ከፍለሽ የምትገላገዪው እንዳይመስልሽ። ካንቺ በፊት የነበረው ተከራይ ያለ ፈቃድ የሰራው ካለ ደሞ ማስተካከያው አንቺ ላይ ሊመጣ ይችላል፣ ለሱ የጊዜ ገደብ የለውም። ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት ካውንስሉ (የከተማው አስተዳደር) ድረገፅ ላይ የቤቱን አድራሻ አስገብተሽ ምን ፈቃድ እንደወጣበት እዪ፣ ውስጥ ያየሽው ነገር ፈቃዱ ላይ ከሌለ ጠይቂ። የሊስትድ ፈቃዱ ማመልከቻ ክፍያ የለውም፣ ካውንስሉ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ስምንት ሳምንት ነው፣ ወጪሽ ስዕሉን የሚሰራልሽ ሰው ነው።

ጥሩው ዜና ሱቅን ካፌ ማድረግ ከ2020 መስከረም ወዲህ ሁለቱም አንድ የሕግ ምድብ ውስጥ ስለገቡ፣ ክላስ ኢ ይባላል፣ ለዛ ብቻ የፕላኒንግ ፈቃድ አያስፈልግሽም። ቁጭ ተብሎ የሚበላበት ከሆነ ማለቴ ነው፣ ትኩስ ምግብ ይዞ ለመሄድ (ቴክአዌይ) ብቻ ከሆነ ሌላ ነው። ግን የጭስ ማውጫ ቱቦ ወደ ውጭ ካወጣሽ የፕላኒንግም የሊስትድም ፈቃድ ይጠየቃል፣ እዚህ ከተማ ደሞ አዲስ ቱቦ በድንጋይ ግድግዳ ላይ ማስፈቀድ ከባድ ነው። የድሮው የምድጃ ጭስ ማውጫ ክፍት ከሆነ በሱ ውስጥ ማሳለፍ ይቻል እንደሆነ በባለሙያ አስጠይቂ፣ ብዙዎቹ ግን ተደፍነዋል። ለስነስርዓቱ ያህል አንድ ምጣድ ቡና በኤሌክትሪክ መቁላት ሌላ ነው፣ ለቀኑ የሚበቃውን ሁሉ እዛው መቁላት ሌላ ነው፣ ብዙውን ሌላ ቦታ ቆልተሽ አምጪው። ከሰል ግን በጭራሽ! ጭሱ ሳይታይ የሚገድል ነገር ነው፣ እዛ ቮልት አጠገብ ደሞ አየር የለም።

አሁን ወደ ድንጋዩ ልምጣ፣ ስለሱ ካወራሁ አላቆምም። የባዝ ድንጋይ የኖራ ድንጋይ ነው። ከመሬት ውስጥ ሲወጣ ውሃ ስላለው ለስላሳ ነው በመጋዝ ይቆረጣል፣ አየር ሲያገኘው ይጠነክራል። አብዛኛው የወጣው ከተማዋ ጫፍ ካለው ከኩምዳውን ተራራ ስር ነው፣ ሰዎቹ ከተማዋን ከስር አውጥተው ከላይ ሰሯት ማለት ነው፣ ባዶ የቀረው ዋሻ ከላዩ መንደር ስላለበት በኛ ዘመን በኮንክሪት መሞላት ነበረበት። ይሄ ድንጋይ ይተነፍሳል። ድሮ በኖራ ነው የተገነባው፣ ኖራ ከድንጋዩ ለስለስ ስለሚል ውሃው በመገጣጠሚያው በኩል ይወጣል። በሲሚንቶ ስትደፍኚው ውሃው መውጫ ያጣና በድንጋዩ ፊት በኩል ይወጣል፣ ከዛ ፊቱ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ፣ የፋሲል ግቢም በኖራ ነው የተሰራው፣ ጣልያን በሲሚንቶ የጠገነውን ኋላ ማንሳት ነበረባቸው። አንድ ነው ነገሩ።

እና ሱቁን ዳግም ስታዪ ይሄን አድርጊ። የጣትሽን መገጣጠሚያ አጥፈሽ ግድግዳውን አንኳኪ፣ ከወለሉ እስከ ወገብሽ ድረስ። ደህና ድንጋይ ዝግ ያለ ድምፅ አለው፣ ፊቱ የለቀቀው ግን ባዶ እንስራ እንደመምታት ነው። ጥግ ላይ ነጭ ዱቄት ካየሽ ጨው ነው፣ ውሃ እየወጣ ነው። ቮልቱን ደሞ ሰው በሲሚንቶ ለስኖት እንደሆነ እዪ። አንድ ደንበኛ ነበረኝ ቮልቱን የቡና ክፍል ላድርግ ብሎ ዙሪያውን በሲሚንቶ አስለሰነ፣ አምሮ ነበር፣ በሁለተኛው ክረምት ውሃው ከቮልቱ ወጥቶ ወደ ላይኛው ሱቅ ግድግዳ ገባና ወለሉ ሻገተ። ቮልቱ መንገድ ተሸክሞ ነው ያለው፣ ሁሌም ትንሽ እርጥብ ይሆናል፣ ተዪው ይተንፍስ፣ የቡና ጆንያ ግን እንዳታስቀምጪበት።

ታፔላ በተመለከተ የሚበራ ፕላስቲክ አይታሰብም። እንጨት ላይ በእጅ የተፃፈ፣ ቀድሞ በነበረው ሰሌዳ ላይ፣ ቀለሙ የረጋ፣ ያም ቢሆን ጠይቂ። ድንጋዩ ላይ ድሪል እንዳታስነኪ፣ ብረት ካስገባሽ ዝጎ ያብጥና ይሰነጥቀዋል፣ የግድ ከሆነ መገጣጠሚያው ላይ ነው የሚበሳው።

---

የማታ_ሹፌር

ልጄ ሰላም ላንቺ ይሁን። ባዝ ውስጥ ታክሲ ስነዳ ሃያኛ አመቴን ይዣለሁ። ስመጣ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ሳውዝጌት የኮንክሪት ነበር፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተሰራው፣ አስቀያሚ ነው እያለ ሁሉም ያማው ነበር። በ2007 አፈረሱት፣ በ2009 መጨረሻ አዲሱን ከፈቱ፣ የባዝ ድንጋይ አልብሰው የድሮ አስመስለው ነው የሰሩት። ሰው ሁሉ የገበያው መሀል ወደዛ ወረደ፣ ከዛ ወዲህ ነው ላይኛው ሚልሶም ስትሪት በኩል ቀዝቀዝ እያለ የመጣው እንጂ ኮቪድ ብቻ አይደለም፣ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሌላው የተቀየረው መንገዱ ራሱ ነው። ከመጋቢት 2021 ጀምሮ የንፁህ አየር ክልል የሚሉት አለ፣ አሮጌ ቫንና ታክሲ በቀን 9 ፓውንድ፣ ትላልቅ የጭነት መኪናና ባስ 100 ፓውንድ፣ የግል መኪና ግን አይከፍልም። እኔ መኪና መቀየር ነበረብኝ በጣም ነው የከበደኝ፣ አልዋሽም ግን አየሩ ተሽሏል፣ ድሮ ለንደን ሮድ ላይ ቆሜ ጉሮሮዬን ያቃጥለኝ ነበር። ሚልሶም ስትሪትም ቀን ቀን ለግል መኪና ዝግ ነው። ይሄ ላንቺ ይጠቅማል፣ በእግሩ የሚሄድ ሰው ነው ዞር ብሎ መስኮት የሚያየው። እቃ የሚያመጣልሽ ግን በስንት ሰዓት መግባት እንደሚችል ቀድመሽ እወቂ፣ የቫኑንም አይነት ጠይቂ፣ ዋጋው አንቺ ላይ ነው የሚደመረው።

የሰዉን ሁኔታ ልንገርሽ። ድሮ የአካባቢው ሰው ልብስ ሊገዛ፣ ድስት ሊገዛ፣ ጫማ ሊያሳድስ ነበር መሀል የሚመጣው። አሁን የሚመጣው ሊበላ፣ ሊጠጣ፣ ፎቶ ሊነሳ ነው። ብዙው ለግማሽ ቀን በባስ የሚመጣ ቱሪስት ነው፣ የሮማውያኑን ፍል ውሃና አቢ የሚባለውን ትልቅ ቤተክርስቲያን አይቶ፣ ሮያል ክሬሰንት የሚባለውን እንደ ግማሽ ክብ የተደረደረ የድሮ ቤት ለማየት ወጥቶ ይሄዳል። ከዛ ተማሪ አለ፣ ሁለት ዩኒቨርሲቲ ነው ያለው። የአካባቢው ሰው የት ሄደ ብትይኝ ጊልድሃል ማርኬት ሂጂና እዪ፣ አሁንም ቁልፍ የሚቀርፅ፣ አይብ የሚሸጥ እዛ አለ። ውስጡ አንድ የድንጋይ እግር ያለው ክብ ጠረጴዛ አለ፣ ምስማር ነው የሚሉት፣ ድሮ ነጋዴ እዛ ላይ ነበር ገንዘብ እጅ በእጅ የሚከፋፈለው። እኔ ብሆን መጀመሪያ እዛ ትንሽ ቦታ ይዤ እሞክር ነበር።

ቦታ አለን ወይ ላልሽው ደሞ፣ ጃንሆይ ራሳቸው ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩት እዚሁ ነው፣ ኒውብሪጅ በኩል ፌርፊልድ ሃውስ፣ ኋላም በ1958 ቤቱን ለከተማው ሰጡ ለአረጋውያን እንዲውል። መሀል ከተማ አይደለም ግን ሰው እየጠየቀ ይሄዳል፣ ብዙ መንገደኛ ወስጄያለሁ፣ ከለንደን የሚመጡ የኛ ሰዎች አሉ፣ ራስታዎች አሉ፣ ጎብኝተው ሲወጡ ሁሌ የሚጠይቁኝ "እዚህ የሀበሻ ቡና የት ይገኛል" ነው። የምወስዳቸው ቦታ የለኝም። ሁሌ ነው የምለው የለኝም።

አንድ ስራ ልስጥሽ። ማክሰኞ ከስምንት እስከ አስር ሰዓት ሱቁ ፊት ቁሚና ቁጠሪ። ስንት ሰው አለፈ፣ ስንት ቀና ብሎ አየ። ኤጀንት የሚነግርሽን አትስሚ።

---

ሱቅ_ነበረኝ

እኔ ከዚህ አካባቢ አይደለሁም ግን ሌላ የእንግሊዝ ከተማ ውስጥ ሊስትድ ቤት ተከራይቼ ልብስ ስሸጥ አምስት አመት ቆይቻለሁ ስለዚህ ሊዙን በተመለከተ ልናገር ምክንያቱም እኔን ያቃጠለኝ እሱ ነው።

አብዛኛው የንግድ ሊዝ ሙሉ ጥገናና ኢንሹራንስ ተከራዩ ላይ የሚጥል ነው። አዲስ ቤት ላይ ያን ያህል አይከፋም፣ የ250 አመት ቤት ላይ ግን ጣሪያው ቢያፈስ አንቺ ነሽ፣ ድንጋዩ ቢላጥ አንቺ ነሽ፣ ስትወጪ ደሞ ስትገቢ ከነበረው የተሻለ አድርገሽ መልሺ ሊሉሽ ይችላሉ። እኔ ስፈርም ይሄ አልገባኝም ነበር፣ እንግሊዝኛው ከባድ ነው ጠበቃም ላለመክፈል ብዬ ራሴ አነበብኩት፣ ስወጣ የመጣልኝ የጥገና ሂሳብ ያጠራቀምኩትን በሙሉ በላው። ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አልነበረኝም ልጆቼ ፊት ላለማልቀስ ሽንት ቤት እገባ ነበር።

ስለዚህ እህቴ ሦስት ነገር እለምንሻለሁ። ጠበቃ ያዢ። የገባሽበትን ቀን ሁኔታ የሚያሳይ ከነፎቶው ሼጁል ኦፍ ኮንዲሽን የሚባል ወረቀት ሊዙ ላይ ይያያዝ፣ ስንጥቁ፣ እርጥበቱ፣ ያ ወንድማችን አንኳኪ ያለሽ ድንጋይ ሁሉ፣ ግዴታሽ ከዛ እንዳያልፍ ተብሎ ይፃፍ። ደሞ ሊዙ ሲያልቅ ለማደስ ያለሽን መብት፣ የ1954ቱ አዋጅ የሚሰጥሽን፣ አስፈርመው እንዳያስቀሩብሽ ጠይቂ፣ ሱቁን አንቺ ስም ካወጣሽለት በኋላ ነው ዋጋ የሚጨምሩብሽ።

የንግድ ግብሩን ደሞ እዪው። የቤቱ ሬተብል ቫልዩ፣ ግብሩ የሚሰላበት ዋጋ ማለት ነው፣ ከ12,000 ፓውንድ ካልበለጠ እና ሌላ ሱቅ ከሌለሽ ጠይቀሽ ምንም ላትከፍዪ ትችያለሽ፣ እስከ 15,000 ድረስ ደሞ እየቀነሰ ቅናሽ አለው። ስትጠይቂ ነው የሚሰጡሽ ዝም ካልሽ ሙሉውን ይልኩብሻል። መሀል ባዝ ላይ ከዛ በላይ ሊሆን ይችላል ግን ጠባብ መንገድ ላይ ትንሽ ሱቅ ከሆነ አይታወቅም፣ መንግስት ድረገፅ ላይ በፖስትኮድ ይታያል ነፃ ነው።

---

ሰገነት

እኔ ትንሽ ከሁላችሁም እለያለሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። ባዝ ተምሬያለሁ ወጥቻለሁም። ከተማው ያምራል አይካድም፣ ግን ድንጋይ ጠብቆ ሰው የረሳ ከተማ ነው። በ1960ዎቹና 70ዎቹ ክሬሰንቱንና ሰርከስ የሚባሉትን በክብ የተደረደሩ ቤቶች እንደ ታቦት እያከበሩ የሰራተኛውን ትንንሽ የጆርጂያን (በጆርጅ ነገሥታት ዘመን የተሰሩ) ቤቶች ግን በየሰፈሩ በቡልዶዘር ነው የጠረጉት፣ ቤት የሌለው ቤት ያገኛል ተብሎ፣ በሚያዝያ 1942 የጀርመን ቦምብ ሁለት ሌሊት ከ400 ሰው በላይ የገደለበት ከተማ መሆኑን አስቡት፣ ከዛ የተረፈውን ራሳቸው አፈረሱት። በኋላ ጩኸት ሲበዛ ቆመ፣ ከዛ በ1987 ዩኔስኮ መዘገበው፣ አሁን ደሞ የተረፈው ሁሉ ውድ ሆነ። መሀል ከተማ ከሱቅ በላይ ያለው ፎቅ ወይ ባዶ ነው ወይ ለቱሪስት በሌሊት የሚከራይ ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ቀና ብላችሁ መስኮቱን እዩ ስንቱ መብራት አለው? ማክሰኞ ከሰዓት ሰው የሌለው ለዚህ ነው፣ ከላይ የሚኖር የለማ። እኔ ብሪስቶል ስቴፕልተን ሮድ ላይ ነው የምከፍተው፣ እዛ የኛ ሰው አለ፣ ሱማሌው አለ፣ ኤርትራዊው አለ፣ ታፔላሽን በፈለግሽው ቀለም ትሰቅዪዋለሽ።

---

ኖራና_ድንጋይ

ሰገነት ያልከው የሰፈሮቹ ነገር እውነት ነው፣ ከኔ ጋር የሚሰሩ ሽማግሌ ግንበኛ ልጅ ሆነው የተወለዱበት መንገድ ሲፈርስ እንዳዩ ነግረውኛል፣ ዛሬም በዛ ሲያልፉ መንገዱን ይቀይራሉ። ከላይ የሚኖር የለም ያልከውም ልክ ነህ።

ግን ድንጋይ ብቻ ነው የሚለው ላይ አልስማማም። ሮያል ክሬሰንት ጀርባ ሄደህ ታውቃለህ? ከ1767 እስከ 1775 ሲሰራ አርክቴክቱ የፊት ለፊቱን ነው የወሰነው፣ ሰዉ የሚገዛው የፊቱን ርዝመት ነበር ከዛ ጀርባውን እያንዳንዱ በራሱ ግንበኛ እንደፈለገ ሰራው። ከፊት ሠላሳ ቤት እንደ አንድ ቤተመንግስት ነው፣ ከጀርባ ግን አንዱ ገባ አንዱ ወጣ፣ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር፣ መስኮቱ አይገጥም። ፑልትኒ ድልድይም እንደዛው ነው፣ በ1774 ከነሱቆቹ አምሮ ተሰራ፣ ዛሬ በሰሜን በኩል ወንዙ ዳር ወርደህ ብታየው ባለሱቆቹ ኩሽና ሲጨምሩ መጋዘን ሲጨምሩ ከወንዙ በላይ ተንጠልጥሎ የቀረ የክፍል ክምር ነው። እኔ ከፊቱ ይልቅ እሱን ነው የምወደው። ሰው ኖሮበታል።

ሮያል ክሬሰንት ላይ ደሞ በ1970ዎቹ አንዲት ሴት በሯን ቢጫ ቀባች፣ ካውንስሉ ነጭ አድርጊው አላት፣ ይግባኝ ብላ እስከ ሚኒስትር ሄደች አሸነፈች። ዛሬም ቢጫ ነው ሂዱና እዩት። እና እህቴ ባለሙያዎቹን አትፍሪያቸው፣ ቀድመሽ ሄደሽ ይሄን አስቤያለሁ ካልሻቸው ብዙዎቹ ቤቱ ክፍት ሆኖ እንዲሰራ ነው የሚፈልጉት፣ ባዶ ቤት ከሁሉም በላይ ነው ድንጋይ የሚያበላሽ። መስኮት አይከፈት፣ እሳት አይነድ፣ አሸንዳ የሚጠርግ የለ፣ ሲገል የሚሉት የባህር ወፍ ጎጆ ሰርቶበት ይደፈናል፣ ውሃው በግድግዳው ይወርዳል። የሰው ትንፋሽ ያለበትን ቤት ገና ስገባ በጠረኑ አውቀዋለሁ።

---

የማታ_ሹፌር

ስለ ሲገል ካነሳህ ልጄ ቆሻሻሽን ሌሊት ውጭ እንዳታሳድሪ፣ ፌስታሉን ቀዳደው ጠዋት ሱቅሽ ፊት ሽሮው መንገድ ላይ ተዘርግቶ ነው የምታገኚው። ክዳን ያለው ወይ እነሱ የማይቀዱት ወፍራም ከረጢት አለ ጠይቂ። ደሞ ውጭ ወንበር ላስቀምጥ ካልሽ የእግረኛ መንገድ ላይሰንስ ያስፈልጋል፣ ዝም ብለሽ እንዳታወጪ።

ሰገነት፣ የስቴፕልተን ሮዱ ምክር ክፉ አይደለም ግን እዛ አስር የኛ ቤት አለ፣ እዚህ አንድም የለም።

---

ቡና_ቁርስ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ሊዙ የፃፍሽው እህቴ በጣም አዝኛለሁ፣ ለእህቴ ጮክ ብዬ አንብቤላት ሁለታችንም ዝም አልን፣ ጠዋት ጠበቃ ደወልን። ኤጀንቱን ሼጁል ኦፍ ኮንዲሽን ስለው ትንሽ ቆጣ አለ፣ ከዛ አከራዩን እጠይቃለሁ አለ።

ወንድሜ ኖራና ድንጋይ፣ ሄጄ አንኳኳሁ። ከበሩ በስተግራ ከጉልበቴ በታች ሁለት ድንጋይ ባዶ እንስራ ነው የሚሉት፣ ልክ እንዳልከው። ቮልቱ ግን አልተለሰነም፣ ድንጋዩ ባዶውን ነው፣ ነጭ ዱቄት ያለው አንድ ጥግ ላይ ብቻ ነው። ፎቶ አንስቻለሁ ልኬልሃለሁ።

ሰገነት፣ አልተቆጣሁብህም። ማታ መስኮቶቹን ቆጠርኩ፣ እኛ መንገድ ላይ ከአስራ ስድስት መስኮት መብራት የነበረው አራቱ ነው። ከአራቱ አንዱ ላይ አንዲት አሮጊት መጋረጃ ስትዘጋ አየኋት፣ ቀና ብዬ ሳያት እጇን አወዛወዘችልኝ።

ጋሼ፣ ማክሰኞ ያሉኝን አደረግኩ። ከስምንት እስከ አስር ሰዓት ቆሜ 187 ሰው አለፈ፣ መስኮቱን ያየው 31፣ ሦስት ሰዎች ቆመው የተዘጋውን በር ሊከፍቱ ሞከሩ። ጊልድሃል ማርኬትም ሄጄ ትንሽ ቦታ ለሦስት ወር ይገኝ እንደሆነ ስሜን ፅፌ መጣሁ፣ ያን የድንጋይ ጠረጴዛም ነካሁት፣ ጠርዙ በእጅ ብዛት ሟምቶ ለስልሷል። ነገ እረፍት ነኝ፣ ዝናብ አለ ተብሏል፣ ጃንጥላ ይዤ እሄዳለሁ፣ በዝናብ ስንት ሰው እንደሚያልፍም ማወቅ አለብኝ።